«በጻፍኩ ቁጥር ይብስብኛል፤ ልተወው?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። አዳማ ውስጥ ባንክ ቤት እሠራለሁ። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ ሽማግሌ ተልኮ ቀን ከተቆረጠ በኋላ፣ እጮኛዬ ሐሳቡን ቀየረ። ለሠርጉ የቀረን ሦስት ወር ነበር። መጻፍ ለአእምሮ ጤና ይጠቅማል ሲባል ሰምቼ ከአምስት ወር በፊት ደብተር ገዛሁ። በየምሽቱ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እጽፋለሁ። ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። ነገር ግን ከጻፍኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ሲነጋም ይበልጥ ከፍቶኝ እነሳለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ አንዱን ደብተር አግኝታ አነበበችው። አንዲት ጓደኛዬ «በየቀኑ የምታመሰግኚባቸውን አሥር ነገሮች ጻፊ» ብትለኝ ሞክሬ አቃተኝ። ስህተቱ ከእኔ ነው? መጻፉን ልተወው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልጀምር። አሁን በያዝሽው መንገድ መጻፉን ከዛሬ ማታ ጀምረሽ አቁሚ። ወደ ደብተሩ የምትመለሺበትን መንገድ ከታች እነግርሻለሁ። ስህተቱ ከአንቺ አይደለም። ሰዎች «ጻፊ፣ ይቀልልሻል» ብለው መድኃኒቱን ሰጡሽ፤ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ግን የነገረሽ የለም።

በሥነ ልቦና ምክር ሥራዬ እንዳንቺ ያሉ ብዙ ሰዎችን አግኝቻለሁ። ደብተራቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ይኸው፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» ይሉኛል። ካልፈቀዱልኝ አልከፍተውም። ሲፈቅዱልኝ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አስተያያለሁ። በሁለቱ መካከል ወራት አልፈዋል፤ ይሁንና ቀን ካልተጻፈበት በስተቀር የትኛው እንደሚቀድም ለመለየት እቸገራለሁ። ያው ሰው፣ ያው ዕለት፣ ያው ንግግር፣ ያው «ለምን?» ነው። ያንቺን አላየሁም፤ ከነገርሽኝ ተነስቼ ስገምት ግን ሦስቱ ደብተሮችሽ አንድ ገጽ ደጋግመው የሚጽፉ ይመስለኛል።

አማርኛ ለዚህ ትክክለኛ ስም አለው፤ መብሰልሰል ይለዋል። ቃሉ «በሰለ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። የሚበስል ነገር ጊዜው ሲደርስ ከእሳት ይወርዳል። የሚብሰለሰል ነገር ግን አይወርድም፤ እሳቱም አይጠፋም፣ ድስቱም አይነሣም። ሐሳብን ወረቀት ላይ ማስፈር በራሱ ከእሳቱ ማውረድ ይመስለናል። አይደለም። አንድ ሰው በአእምሮው ሲብሰለሰል ቆይቶ እስክሪብቶ ሲያነሣ፣ የሚብሰለሰለውን ነገር በጽሑፍ ሊቀጥልበት ይችላል። እንዲያውም ሐሳብ በነፋስ እንደሚበተን ጭስ አንዳንዴ ይጠፋል፤ የተጻፈ ነገር ግን ጠዋት ተመልሶ ይነበባል።

ታዲያ መጻፍ ይጠቅማል የሚለው ምክር ከየት መጣ? በአብዛኛው ከአንድ ጥናት ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከሳንድራ ቢል ጋር ሆኖ ቴክሳስ ውስጥ 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረገ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለገጠማቸው እጅግ ከባድ ነገር ጻፉ፤ ከእነሱም ውስጥ የሆነውን ብቻ የዘገቡ፣ የተሰማቸውን ብቻ ያወረዱ፣ ሁለቱን አጣምረው የጻፉም ነበሩ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ሁነቱንና ስሜቱን አጣምረው የጻፉት ወደ ተማሪዎች ጤና ማዕከል የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩን አስተውዪልኝ። አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፤ ተደምሮ አንድ ሰዓት ነው። በዓለም ሁሉ «ጻፉ» የሚያሰኘው ጥናት የቆመው በአንድ ሰዓት ጽሑፍ ላይ ነው። አንቺ ያንን በአንድ ሌሊት ትጨርሺና በማግስቱ ትደግሚዋለሽ፤ ይህን ያደረግሽው ለአምስት ወር ነው።

ሁለተኛ፣ እነዚያ ተማሪዎች ጽፈው ሲነሡ ደስ አላላቸውም። ስለ ከባዱ ነገር የጻፉት ወዲያው የተሰማቸው ሐዘን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት የበለጠ ነበር። ጥቅሙ የታየው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከጻፉ በኋላ ለአንድ ሁለት ሰዓት ሆድ መባባት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በዚያ ብቻ መሸበር አይገባም። ያንቺ ግን ለወራት የዘለቀና እየጨመረ የሄደ ነው። ይህ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛውን እውነት ብዙ ሰው አይናገረውም፤ እኔ ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆአን ፍራታሮሊ የተባለች ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩ 146 ጥናቶችን አሰባስባ ስትመዝን፣ መጻፍ በአማካይ እንደሚጠቅም አረጋገጠች፤ የጥቅሙ መጠን ግን ትንሽ ነው። ትንሽ ጥቅም ዋጋ የለውም አልልም። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ትንሽም ቢረዳ ማለፊያ ነው። ነገር ግን «ጽፌ ካልዳንኩ ችግሩ እኔ ጋ ነው» ብለሽ ራስሽን እንድትወቅሺ የሚያደርግ አይደለም።

ያንቺን ሁኔታ በቅርብ የሚመስል ሌላ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ስባራና ባልደረቦቹ በቅርቡ ከትዳር አጋራቸው የተለያዩ 90 ሰዎችን አጻፉ። አንዳንዶቹ ስሜታቸውን ጻፉ። ሌሎቹ ምንም ስሜት ሳይጨምሩ በቀኑ ምን እንደሠሩ ብቻ መዘገቡ። ከወራት በኋላ ሲታይ፣ «ለምን ሆነ? ትርጉሙ ምንድን ነው?» እያሉ የሚብሰለሰሉት ሰዎች ስሜታቸውን በጻፉ ጊዜ ማገገማቸው ዘግይቶ ተገኘ። ከእነሱ መካከል በተሻለ ሁኔታ ያገገሙት ዝም ብለው የቀን ውሏቸውን የጻፉት ነበሩ። ይህን ጥናት መጀመሪያ ሳነብ ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ በፊት ለስንቱ ሰው «የተሰማህን ሁሉ ጻፍ» ብዬ እንደነበር አሰብኩና ከልብ አዘንኩ።

አሁን ደግሞ ከጥናቶቹ ወጥቼ በራሴ ሥራ ያስተዋልኩትን ልንገርሽ። አማርኛችን ስለ ስሜት ሲናገር ሰውየውን ተቀባይ ያደርገዋል። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ቆጨኝ፣ ናፈቀኝ እንላለን፤ ስሜቱ ከሌላ ቦታ መጥቶ ያዘኝ እንደማለት ነው። ይህ የቋንቋው ጠባይ ስለሆነ ክፋት የለውም፤ ስሜት ፈቅደን የምንጠራው እንግዳ አለመሆኑን ይመሰክርልናል። ነገር ግን በተጎዳ ሰው ደብተር ላይ የሌሎች ሰዎች ድርጊትም እየተከተለ ይሰለፋል፦ ተወኝ፣ ዋሸኝ፣ አዋረደኝ፣ ናቁኝ፣ ሳቁብኝ። ገጹ ከላይ እስከ ታች በ«ኝ» ይሞላል። በዚያ ገጽ ላይ ባለ ደብተሯ የምትሠራው አንድም ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር እሷ ላይ ይደረጋል፣ እሷ ላይ ይወርዳል።

ሰው እየተሻለው ሲሄድ ሌላ ዓይነት ግስ ብቅ ይላል። ጠየቅኩ፣ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ፣ አየሁ፣ ገባኝ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ተረዳሁ። የ«ኩ» እና የ«ሁ» ግሶች ናቸው። ከእነሱ ጋር «ምክንያቱም»፣ «ለካ»፣ «ያኔ»፣ «አሁን» የሚሉ ቃላት ይመጣሉ። ፔንቤከርና ባልደረቦቹ የጸሐፊዎችን ገጾች በኮምፒውተር ሲመረምሩ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አግኝተዋል፤ ጤናቸው የተሻሻለው ሰዎች ከቀን ወደ ቀን ምክንያትንና መረዳትን የሚገልጹ ቃላትን አብዝተው የተጠቀሙት ነበሩ። «ለካ» የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ለሦስት ወር በተጻፈ ደብተር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ካልመጣች ያሳስበኛል።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ታሪኳን በጥቂቱ ለውጫለሁ። የውርስ ቤት ላይ ወንድሟ አታሏታል። የመጀመሪያ ቀን ጽሑፏ «ካደኝ፣ ሸጠኝ፣ ናቀኝ» የሚል ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ጠርጥሬ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እናታችን በሕይወት ስለነበረች ነው።» ይህን ስታነብልኝ ድምፅዋ ተቆረጠ። ወንድሟ አልተለወጠም፣ ቤቱም አልተመለሰም። እሷ ግን በገዛ ታሪኳ ውስጥ እናቷን ለመጠበቅ ብላ ዝም የመረጠች ሴት ሆና ብቅ አለች። ይህ ራስን ከመውቀስ ጋር እንዳይምታታብሽ አደራ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚል ዓረፍተ ነገርም በ«ሁ» ያልቃል፤ እሱ ግን ወደ መብሰልሰሉ የሚመልስ ሌላ በር ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ስለ እሱ አንድም ቃል አትጻፊ። ደብተር መያዝ የለመደ እጅሽ ባዶውን እንዳይቀር ግን የቀን ውሎ ጻፊ፤ አምስት ወይም ስድስት መስመር ይበቃል። ምን እንደሠራሽ፣ ምን እንደበላሽ፣ ማንን እንዳገኘሽ፣ ምን እንዳየሽ። «ጠዋት ባጃጅ አጣሁና በእግሬ ሄድኩ። ከምሳ በፊት ወረፋው ረጅም ነበር። አንድ ሽማግሌ የቁጠባ ደብተራቸው ጠፍቶባቸው አብረን ፈለግን። ማታ ከእህቴ ጋር ሽሮ ሠራን፤ ጨው በዛበት።» ይህንኑ ነው የምልሽ። ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ዕለት ላይ የቆመ ዓይን ዛሬን እንዲያይ ያስገድደዋል። አስተውለሽ ከሆነ ደግሞ ግሶቹ አብዛኞቹ የአንቺ ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቅልፍሽ ትንሽ ከተመለሰና ልብሽ ከፈቀደ፣ አራት ቀን ትመርጫለሽ። ይህ ግዴታ አይደለም። ፔንቤከር ራሱ የሚሰጠው ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ፦ ስለ አንድ ነገር መጻፍ የማትቋቋሚው መስሎ ከተሰማሽ አትጻፊው። ቀኖቹ በዓል ወይም የዘመድ ሠርግ አጠገብ ባይሆኑ ይመረጣል። ሰዓቱም ከመኝታ የራቀ ይሁን፤ ለምሳሌ ከሥራ ስትወጪ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ስልክሽ 15 ደቂቃ ቆጥሮ እንዲጠራ ተደርጎ። ሲጠራ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። ፊደልና ሰዋስው አያሳስቡሽ። ከዚያ ወዲያው ወደ ቤት ገብተሽ አትተኚ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግርሽ ሂጂ ወይም ሰው ወዳለበት ቦታ ግቢ።

በመጀመሪያው ቀን የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፊ፤ መቼ፣ የት፣ ማን ምን አለ። ፍርድ አትስጪ። ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ ሆኖም ስንብሰለሰል የምናስታውሰው አንድ ሁለት ትዕይንት ብቻ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከጥግ እስከ ጥግ ስንጽፈው የረሳነው ነገር ይወጣል። ምናልባት ቀኑ ከመቆረጡ በፊትም አንድ የከነከነሽ ነገር ነበር። ምናልባት አልነበረም።

ሁለተኛው ቀን ለስሜቱ ነው፤ እዚህ ላይ ግን «ጭንቀት» የሚለውን ቃል እንዳትጠቀሚ እጠይቅሻለሁ። ዛሬ ሁሉንም ነገር ጭንቀት እያልን የቋንቋችንን ሀብት ዘግተነዋል። ቁጭት ነው? ጸጸት ነው? ሁለቱ ይለያያሉ፤ የሚጸጽተን ያደረግነው ነገር ነው፣ የሚቆጨን ደግሞ ያመለጠን ወይም የተነጠቅነው ነው። ሐፍረት ነው? ሽማግሌ የተቀበሉትን አባትሽንና አጎቶችሽን ስታስቢ የሚሰማሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ናፍቆት ነው? ናፍቆት ከሆነ የናፈቀሽ እሱ ነው ወይስ ልትመሠርቺው የነበረው ቤት? ብሶት ነው? ቅሬታ ነው? ስጋት ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች በፎቶግራፍ ላይ ለሚያዩት ስሜት በቃል ስም ሲሰጡ፣ አደጋ ሲታይ የሚነቃው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀንሶ ታይቷል። ስሙን በትክክል ማግኘት ለአንጎልም ትርጉም አለው። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ እላለሁ፦ ለጸጸት የሚሆነው ነገር ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ለሐፍረት የሚሆነው ከሚወዱን ሰዎች ፊት መቆም ነው፤ ለናፍቆት የሚሆነው ማልቀስና ጊዜ ነው። ሁሉንም ጭንቀት ብለን ከጠራን የቱን እናድርግ?

ሦስተኛው ቀን ስለ ራስሽ «እሷ» እያልሽ ጻፊ። «ዕድሜዋ 29 ነው። ቀሚሱን መርጣ ነበር።» አንድ አክስትሽ ወይም የምታከብሪያት ጎረቤት ታሪኩን ለሌላ ሰው ስትተርክ ምን ትል ነበር? በእርግጠኝነት አንቺ ለራስሽ የምትናገሪውን ቃል አትናገርም። ኢታን ክሮስና ኦዝለም አይዱክ የተባሉ ተመራማሪዎች ራስን ጥቂት ርቆ ማየት መብሰልሰልን እንደሚቀንስ ደጋግመው አሳይተዋል፤ ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው ከአራቱ ቀናት ይበልጥ የምተማመነው በዚህኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ካቃተሽ ዝለያቸውና ይህን ብቻ ጻፊ።

በአራተኛው ቀን ወደ «እኔ» ተመለሺና ከዚያ ዕለት ወዲህ የሠራሻቸውን ነገሮች ጻፊ። በማግስቱ እንዴት ሥራ ገባሽ? ለታላላቆችሽ ማን ነገራቸው? የተጋበዘው ሰው እንዴት ተነገረው? ዘጠኝ ወር ሙሉ የሰው ገንዘብ በእጅሽ ሲያልፍ ሳታሳስቺ ውለሻል። ይህ ሁሉ በ«ኝ» የተሞሉት ደብተሮችሽ ውስጥ የለም ብዬ እገምታለሁ፤ ቢሆንም ሆኗል።

ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ወር በጉዳዩ ላይ አትጻፊ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጽሑፉ ያው የድሮው ገጽ ሆኖ ከተመለሰ አቋርጪውና ወደ ቀን ውሎው ተመለሺ። ይህም ሽንፈት አይደለም፤ ደብተር ብቻውን የማይበቃው ጉዳይ መሆኑን ነግሮሻል ማለት ነው።

ስለ እንቅልፍሽ። አልጋሽ ላይ ስለ ጉዳቱ መጻፍ ለእኔ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው፤ አልጋሽን የመብሰልሰያ ቦታ አድርጎታልና። ከመተኛትሽ በፊት የግድ መጻፍ ካማረሽ የነገውን ሥራ ዘርዝሪ። እ.ኤ.አ. በ2018 በቴክሳስ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስካሊንና ባልደረቦቹ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አስተኝተው ነበር፤ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ በቀጣዮቹ ቀናት የሚጠብቃቸውን ሥራ የጻፉት፣ ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩ በበዛና በተብራራ መጠን ቶሎ ተኙ። ስለዚህ «ጉዳዮች አሉብኝ» ብለሽ አትለፊ፤ «የዕቁብ ገንዘብ ማድረስ፤ የውኃ ሂሳብ መክፈል፤ ለአክስቴ መደወል፤ ጥቁሩን ጫማ ማሠራት» ብለሽ ጻፊ።

ጓደኛሽ ያለችሽ የምስጋና ዝርዝር ክፉ ምክር አይደለም፤ መጠኑ ነው የበዛው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ከቡድኖቹ አንዱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እስከ አምስት ነገር ብቻ ነበር የጻፈው። እኛ ደግሞ ልባችን እየደማም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የምንል ሕዝብ ነን፤ ይህ ቃል የእምነት ቃል ነው፣ አከብረዋለሁ። ደብተርሽ ላይ ግን ያልተሰማሽን ምስጋና እንድትጽፊ ማንም ሊያስገድድሽ አይገባም። ቅዳሜ ማታ አንድ እውነተኛ ነገር ከመጣልሽ ጻፊው፤ ካልመጣም ገጹ ባዶ ይደር።

ወደ እህትሽ ልምጣ። በአንድ ክፍል አብሮ በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ደብተር መደበቅ ከባድ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖር እንደ ጨዋነት በሚታይበት አገር፣ የሆድን አውጥቶ መጻፍም ድፍረት ይጠይቃል። አንቺ ያንን ድፍረት አግኝተሽ ሳለ ሌላ ዓይን ገባበት። ብታዝኚባት አልፈርድብሽም። ታናሽሽ ግን ምናልባት ያነበበችው ማታ ማታ ስታለቅሺ እየሰማች ለመጠየቅ ስለፈራች ይሆናል። በእርጋታ ቁጭ አድርገሽ «ያነበብሽው እውነት ነው፤ ሁለተኛ ግን ሳትጠይቂኝ አታንብቢ፤ መጠየቅ ትችያለሽ» በያት። ከዚህ በኋላ ያለው የአራት ቀን ጽሑፍ ደግሞ እንዲቀመጥ አይገደድም። ነጠላ ወረቀት ላይ ጻፊው፤ 15 ደቂቃው ሲያልቅ ቀድደሽ ጣይው። ጥቅሙ የሚገኘው በመጻፉ ነው። ሰው ያነበዋል ብለሽ እየፈራሽ የምትጽፊው ገጽ ለዚያ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ይሆናል፤ እውነቱም እዚያ ውስጥ አይገባም።

አሁን በጣም ቁም ነገር ወደሆነው ነጥብ። ብዙውን ቀን ደስታም ፍላጎትም ርቆሽ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ተበላሽቶ፣ ድካምና የዋጋ ቢስነት ስሜት ተጭኖሽ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ይህ ድብርት የተባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ መታየት አለበት። የነገርሽኝ ነገር ወደዚያ ሊያመራ ስለሚችል፣ የሁለት ሳምንቱን ጽሑፍ ጀምሪም አትጀምሪም አንድ ጊዜ ብትታዪ ደስ ይለኛል። በደብተሮችሽ ውስጥ «ባልኖር ይሻላል» ወይም «ተኝቼ ባልነሣ» የሚል ነገር ጽፈሽ ከሆነ ግን አንድም ቀን አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለእህትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚሰጥበት ዘመን አልፏል፤ በብዙ ከተሞች ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አባባል ለትኩሳትና ለሳል ብቻ እንጠቀምበታለን፤ ለዚህም ነው የተባለው። ሐኪም ፊት ስትቀርቢ መናገር ቢያቅትሽ የቀን ውሎ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። መቼ እንደተኛሽ፣ መቼ እንደበላሽ፣ ከሰው ጋር ስንት ጊዜ እንደወጣሽ የሚያሳይ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

የቀሩት ሦስቱ የሞሉ ደብተሮች ናቸው። ዛሬ ማታ አታቃጥያቸው፤ በንዴት የተቃጠለ ነገር አንዳንዴ በማግስቱ ይቆጫል። አታንብቢያቸውም። በአንድ ፖስታ አድርገሽ በፕላስተር አሽጊና የዛሬን ቀን ከላዩ ላይ ጽፈሽ ቁም ሳጥን ላይ ወይም የማይከፍተው ዘመድሽ ጋ አስቀምጪው። ከስድስት ወር በኋላ ለመክፈት ትወስኚ ይሆናል። ሳትከፍቺ ለመቅደድም ትወስኚ ይሆናል። የቱንም ብታደርጊ በዚያ ቀን የውሎ ደብተርሽ ላይ አንድ መስመር ጻፊ፦ ከፈትኩት፣ ወይም ቀደድኩት።